ታኮ በቤትም በመንገድም፦ ከቶርቲያው እስከ ሳልሳው

ታኮ፣ በስስ ቂጣ ታጥፎ የሚበላው የሜክሲኮ ምግብ፣ ሲከሽፍ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ሥጋውን ወይም ቅመሙን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የቶርቲያው (የቂጣው) ነው፦ ቀዝቅዟል፣ ደርቋል፣ ወይም ከመጀመሪያውም በትክክል አልተጋገረም። ወጥ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ በደረቀ እንጀራ እንደማይበላ ሁሉ ታኮም በቀዘቀዘ ቶርቲያ አይበላም። በ2024 የሚሼሊን ኮከብ (ትልቁን የምግብ ቤቶች ሽልማት) ያገኘችው የሜክሲኮ ሲቲዋ ትንሽ ታኮ ቤት፣ ኤል ካሊፋ ደ ሌዎን፣ የምታቀርበው ከምጣድ የወጣ ትኩስ ቶርቲያ ላይ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ነው። የሥጋው ቅመም ጨውና ሎሚ ብቻ ነው፤ ሳልሳውን (የሚያቃጥለውን ማጣፈጫ) ደንበኛው ራሱ ይጨምርበታል። እኛም ብዙውን ቦታ ለቶርቲያው የሰጠነው ለዚህ ነው።

ዱቄቱ፦ ተራ የበቆሎ ዱቄት ለምን አይሆንም

ከወፍጮ ቤት የመጣ የበቆሎ ዱቄት በውኃ ቢለወስ ሊጡ አይያያዝም፤ ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም። የሜክሲኮ ቶርቲያ የሚሠራው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ፣ አድሮ፣ ታጥቦ ከተፈጨ በቆሎ ነው። እንዲህ በኖራ የተቀቀለው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል፤ ቃሉ የናዋትል ሲሆን መነሻው አመድ ማለት ነው፣ ድሮ በአመድ ውኃም ይቀቀል ስለነበር። ኖራው የበቆሎውን ገለፈት ያላቅቃል፤ ሊጡን የሚያያይዘውም ይኸው ነው። በተጨማሪም በበቆሎ ውስጥ ታስሮ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታል። በቆሎ ያለ ኖራ ዋና ምግባቸው በሆነባቸው አገሮች ፔላግራ የተባለ በሽታ ብዙ ሰው ሲያጠቃ ሜክሲኮ ውስጥ ያን ያህል ያልበረታው በዚህ ምክንያት ነው።

አቋራጩ ማሳ ሃሪና ነው፦ ኒሽታማሉ ተፈጭቶ፣ ደርቆ፣ ዱቄት የሆነው። አሜሪካ ያለ ሰው በማንኛውም የላቲን ግሮሰሪ ያገኘዋል፤ በብዛት የሚታየው ማሴካ የሚባለው ነው። ስትገዙ እሽጉ ላይ "ማሳ" የሚለውን ቃል ፈልጉ። የገንፎ ዱቄት፣ ፖሌንታ ወይም ለሾርባ ማወፈሪያ የሚሆነው ነጭ ስታርች ቦታውን አይተኩም።

ማሳ ሃሪና በሌለበት አገር፣ ትዕግሥቱ ካለ፣ ከመሠረቱ መጀመር ይቻላል። የኛ ነጭ በቆሎ ይሆናል፤ ፈንዲሻና እሸት ግን አይሆኑም።

1. 1 ኪሎ የተለቀመና የታጠበ በቆሎ በ3 ሊትር ውኃ ጣዱ። 10 ግራም ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ በትንሽ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። የግንባታ ኖራ በፍጹም አይገባም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ዱቄቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ስትበጠብጡ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። የአልሙኒየም ድስት ኖራው ስለሚበላው ብረት ድስት ተጠቀሙ።
2. እንደፈላ እሳቱን ቀንሱና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀቅሉ። አንዷን ፍሬ በጣት ስታሹ ገለፈቷ ከተላቀቀ፣ ስትነክሷት ደግሞ መሐሏ ገና ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደርሷል። እንደ ንፍሮ ከበሰለ አልፎበታል፤ ሊጡ እንደ ሙጫ ይሆናል።
3. ከድነው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደር።
4. ቢጫውን ውኃ ድፉ። ገለፈቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥቡ።
5. እርጥቡን ፍጩ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ወፍጮ ቤት እርጥብ እህል ይዞ የሄደ ሰው ባለወፍጮው ምን እንደሚለው ያውቃል። በእጅ የሚዞር የእህል ወፍጮ ወይም በጣም ደቃቅ ወንፊት ያለው የሥጋ መፍጫ ሁለት ጊዜ ቢያልፍበት ይሠራል። ብሌንደር ውኃ ካልተጨመረበት አይፈጭም፣ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ሊጡ ይቀጥናል። በብሌንደር የፈጨ ሰው ሊጡን በጥቂት ማሳ ሃሪና ማጠንከር አለበት።

ከዚህ ወደ 60 ቶርቲያ ይወጣል። ለአራት ሰው እራት ብቻ ይህን ሁሉ መልፋት አይመከርም።

ሊጥና ጋገራ

በማሳ ሃሪና ለ20 ትንንሽ ቶርቲያ፦ 250 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ360 እስከ 380 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ።

ውኃውን ሁለት ሦስተኛውን ጨምራችሁ ለውሱ፣ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ አክሉ። ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ አይለጠጥም፤ ግሉተን ስለሌለው ረጅም ጊዜ ማሸት ትርፉ ድካም ነው። 3 ደቂቃ ይበቃል። በእርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት፤ ዱቄቱ ውኃውን የሚጠጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ፈትኑት፦ ትንሽ ድብልብል ሠርታችሁ በመዳፍ ጠፍጥፉ። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውኃ ይጎድለዋል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና እንደገና ለውሱ። እጅ ላይ ከተጣበቀ ጥቂት ዱቄት። ይህን ፈተና መዝለል ማለት ስህተቱን ምጣዱ ላይ ሃያ ጊዜ መድገም ነው።

30 ግራም የሚመዝን ድብልብል አዘጋጁ። ፌስታል በሁለት ቁራጭ ቅደዱ፤ አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከላይ አድርጋችሁ መሐል ድብልብሉን አኑሩና በቶርቲያ መጫኛ ተጫኑ። መጫኛ የሌለው ሰው ከባድ መጥበሻ በጠፍጣፋ ታቹ ወይም ወፍራም መክተፊያ ይጫንበት። 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። የላይኛውን ፌስታል ላጡ፣ ቶርቲያውን መዳፋችሁ ላይ ገልብጡ፣ የቀረውን ፌስታል ከቶርቲያው ላይ ላጡት። ቶርቲያውን ከፌስታሉ ላይ ለመሳብ የሞከረ ይቀደድበታል።

ምጣዱን በተመለከተ እኛ ዕድለኞች ነን። የሜክሲኮው ኮማል ጥንት የሸክላ ነበር፣ ዛሬም በየገጠሩ አለ፤ እኛ ምጣዳችንን በጎመን ዘር እንደምናሟሸው እነሱም ሊጡ እንዳይጣበቅ የኖራ ውኃ ይቀቡታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት መጋገር ይችላል። ልዩነቱ ሁለት ነው፦ ማሰሻ የለም፣ አክምባሎም አይደፋበትም። እንፋሎቱ ከታፈነ ቶርቲያው ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም። ምጣዱ በደንብ ይጋል፤ ጠብታ ውኃ ሲነካው ዘሎ የሚጠፋ ከሆነ ደርሷል።

1. ቶርቲያውን በአንዴ ጣል ሳይሆን ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ አንጥፉት፤ አየር ከሥሩ እንዳይያዝ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ጠርዙ ከምጣዱ ሲላቀቅ ገልብጡ።
2. ሁለተኛው ፊት ከ45 እስከ 60 ሰከንድ፣ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ።
3. እንደገና ገልብጡ። አሁን እንደ ፊኛ መነፋት አለበት። እምቢ ካለ መሐሉን በጣት ጫፍ ወይም በታጠፈ ጨርቅ ጫን አድርጉት። ሌላ 20 ሰከንድና ይውጣ።
4. ወዲያው ፎጣ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ደራርባችሁ ጠቅልሉ። ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ።

አራተኛውን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከምጣድ የወጣው ቶርቲያ ደረቅ ይመስላል፣ ቢታጠፍም ይሰነጠቃል፤ ፎጣው ውስጥ በራሱ እንፋሎት ሲያልበው ግን ይለሰልሳል። "ቶርቲያዬ ይሰበርብኛል" የሚል ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው ፎጣውን ነው።

ካልተነፋ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ምጣዱ በቂ ግለት የለውም፣ ቶርቲያው ወፍሯል፣ ወይም የመጀመሪያው መገልበጥ ዘግይቶ ፊቱ ደርቋል። እንደ ቆዳ ከጠነከረ ደግሞ በቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ብዙ ቆይቷል።

የስንዴው ቶርቲያ ለቅጫ የቀረበ ሲሆን አገሩ የሜክሲኮ ሰሜን ነው፣ በተለይ ሶኖራ። 300 ግራም ዱቄት፣ 5 ግራም ጨውና 60 ግራም የረጋ የአትክልት ቅባት (እዚያ በብዛት የአሳማ ስብ ነው) በጣት ታሽቶ፣ 160 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውኃ ይጨመርበታል። 5 ደቂቃ እሹ፣ 30 ደቂቃ አሳርፉ፣ 10 ቦታ ከፍላችሁ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ዳምጡ። ሲዳመጥ ተመልሶ የሚሰበሰብ ሊጥ ዕረፍት አላገኘም፤ ከመታገል 10 ደቂቃ መተው ይሻላል። በጋለ ምጣድ በየፊቱ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም አያስፈልገውም።

የተገዛ ቶርቲያ ከሆነ ከእሽጉ እንደወጣ አይበላም። ደረቅ ምጣድ ላይ በየፊቱ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ ፎጣ። ቀናት ያለፉት ከሆነ እጃችሁን ውኃ ነክራችሁ ሁለቱን ፊት አርጥቡት። ማይክሮዌቭ ላይ ስድስቱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ 40 ሰከንድ ማሞቅ ይቻላል፤ ያለ ፎጣ ከገባ ግን ይደርቃል። ከበቆሎ የተሠራው ትንሽና ስስ ከሆነ ለአንድ ታኮ ሁለት ደርቡ፤ የመንገድ ላይ ታኮ በብዛት እንዲህ ነው፣ የላይኛው በፈሳሹ ሲርስ የታችኛው ይይዘዋል።

ቶርቲያ ከጠፋስ እንጀራ ይተካዋል? ይበላል፣ ግን ታኮ አይሆንም። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ከሎሚና ከሳልሳ ጋር ኮምጣጣነቱ ይደራረባል። ለመሞከር የሚፈልግ ሎሚውን ይተወው።

ሥጋው፦ ጥብስ እንዳይሆንባችሁ

ለአራት ሰው 700 ግራም የበሬ ሥጋ ይበቃል፤ በሰው አራት ታኮ ማለት ነው። ሽንጥ ወይም ዳቢት ጥሩ ነው። ከ1 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ እንጂ አትክተፉ። የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀቡት። ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይቆይ። ሌሊቱን ማሳደር መልካም ይመስላል፤ ግን ሎሚው የሥጋውን ላዩን እንደ ተቀቀለ ያደርገዋል፣ ጣዕሙም ዱቄት ዱቄት ይላል።

ከሰል ላይ ከሆነ በጣም ጥሩ። መጥበሻ ላይ ከሆነ ሥጋውን በጨርቅ አድርቁ፣ መጥበሻው እስኪጨስ ይጋል፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ቁራጭ ብቻ ጣሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጨመረ ሰው የሚሰማው ድምፅ ከ"ቸስ" ወደ "ፍል ፍል" ይለወጣል፤ ሥጋው ውኃ አውጥቶ መቀቀል ጀምሯል ማለት ነው። በየፊቱ 2 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ የሥጋውን ክር አቋርጣችሁ በ1 ሳንቲ ሜትር ክተፉ። የኛ አገር ሥጋ ጮማው ትንሽ፣ ጡንቻው ጠንካራ ነው፤ ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ ታኮ ውስጥ ሲነከስ ሁሉም ተያይዞ ይወጣል።

ሽንኩርት አብሮ አይጠበስም፣ ቅቤ አይገባም፣ የጥብስ ቅጠልም የለም። ሽንኩርቱ ጥሬውን፣ ደቆ ተከትፎ፣ ከድምብላል ቅጠል ጋር ከላይ ይነሰነሳል። አንድ ታኮ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያለ ሥጋ ያድርጉበት። እንግዳ አክባሪነት እዚህ ጋ ይጎዳል፤ የተከመረበት ታኮ አይታጠፍም።

አሳ ለሚወድ የባሃ ካሊፎርኒያ ከተማ የኤንሴናዳ አሠራር አለ። ጣት የሚያህል የቆሮሶ ሥጋ፣ አንድ ኩባያ ዱቄትና አንድ ኩባያ በጣም ቀዝቃዛ ቢራ (ወይም ጋዝ ያለው ውኃ) ከጨው ጋር ተበጥብጦ ተነክሮ፣ በ180 ዲግሪ ዘይት ለ3 ወይም 4 ደቂቃ ይጠበሳል። በላዩ በስሱ የተከተፈ ጥቅል ጎመንና ሎሚ። እንቁላል የለበትም፤ በተለምዶ ከላይ የሚደረገውን ማዮኔዝ ከተዉት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያለ እንቁላል ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ እንተወው።

ለጾም፦ ቦሎቄና ድንች

500 ግራም ጥቁር ቦሎቄ ልቀሙና ሌሊቱን ዘፍዝፉ። ሜክሲኮ ውስጥ ብዙ ቤት ሳይዘፈዘፍ ይቀቀላል፤ ነገር ግን ሜክሲኮ ሲቲም አዲስ አበባም ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቦሎቄም በቆላ ከሚፈጅበት እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈጃል። የግፊት ድስት ካለ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ከሌለ 2 ሰዓት ተኩልም ሊደርስ ይችላል። ግማሽ ሽንኩርትና ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አብረው ይቀቀላሉ። ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ሳይበስል አይግቡ፤ አሲድ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተንፈቅፍቆ መፍላት አለበት፤ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ የበሰለ ሆድ የሚያውክ መርዝ ይቀርበታል።

ከዚያ በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አንድ የተከተፈ ሽንኩርት እስኪቀላ አቁላሉ፣ ቦሎቄውን ከጥቂት ውኃው ጋር ጨምራችሁ በመጥበሻው ላይ ፍጩት። ማንኪያ ሲያልፍበት የመጥበሻው ታች ለአፍታ ከታየ በቂ ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ሲል አውጡት።

ድንቹ ቀላል ነው፦ ግማሽ ኪሎ ተቀቅሎ በሹካ ይፈጫል፣ ከተቁላላ ሽንኩርትና ከአንድ የተከተፈ ቃሪያ ጋር ይለወሳል፣ ጨው በደንብ ይጨመርበታል።

ሳልሳ

አራት መካከለኛ ቲማቲም፣ ሩብ ሽንኩርት፣ ከነልጣጩ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ አስቀምጡ። እያገላበጣችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ቆዳቸው ቦታ ቦታ እስኪጠቁር ጥበሱ። ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ስለሚደርስ አውጡና ላጡት። ከዚያ በሙቀጫ፦ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱና ጨው፣ ቀጥሎ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቃሪያው በፈሳሹ ውስጥ እየተንሸራተተ አይደቅም። ሜክሲኮዎች ሞልካኼቴ የሚሉት ባለሦስት እግር የድንጋይ ሙቀጫ ለዚህ ሥራ ነው። ብሌንደር ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ጫን ለቀቅ አድርጉ፤ ብዙ ከተፈጨ አየር ገብቶበት ሮዝ አረፋ ይሆናል። ዳጣ የሚወድ ሰው ቃሪያውን እጥፍ ያድርግ፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ጣዕሙን ወደ ወጥ ስለሚወስዱት እዚህ ባይገቡ ይሻላል።

ጉዋካሞሌ፦ ሁለት የበሰለ አቮካዶ፣ ደቆ የተከተፈ ሩብ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ የድምብላል ቅጠል፣ የአንድ ሎሚ ግማሽ፣ ጨው። በሹካ ጎርበጥ እንዳለ ይተዉ። ፍሬውን መሐሉ ላይ መተው ከመጥቆር ያድነዋል የሚባለው አይሠራም፤ የሚያድነው አየር መከልከል ነው፦ ፕላስቲክ በቀጥታ ላዩ ላይ ተለጥፎ።

የመንገድ ስንቅ፦ የቅርጫት ታኮ

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በብስክሌት ላይ በሰማያዊ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅርጫት ጭነው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ታኮው ታኮ ደ ካናስታ ይባላል፤ ስሙ የገነነው በትላስካላ ግዛት ካለችው ሳን ቪሴንቴ ሺሎሾችትላ ነው። ታስቦበት የተሠራው ለሰዓታት ታፍኖ እንዲቆይ ስለሆነ ለጉዞ ከዚህ የተሻለ የለም። ሌላው ታኮ ወዲያው ካልተበላ ይበላሻል፤ ይህኛው ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።

1. መያዣውን አዘጋጁ። ቅርጫት፣ ትልቅ ምሳ ዕቃ ወይም የበረዶ ሣጥን ይሆናል። ከሥር ወፍራም ፎጣ፣ በላዩ ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ፣ በላዩ መጋገሪያ ወረቀት፤ ሁሉም ጫፋቸው ተርፎ ይውጣ።
2. ለ20 ታኮ አንድ ኩባያ ዘይት ከአንድ የተከተፈ ሽንኩርት ጋር በመካከለኛ እሳት እስኪለሰልስ አሙቁ።
3. ቶርቲያውን ምጣድ ላይ አሙቁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ቦሎቄ ወይም ድንች (እሱም ትኩስ ይሁን) አድርጉና እጠፉ። ወዲያው ቅርጫቱ ውስጥ ደርድሩ፤ ጀርባቸው ወደ ላይ፣ ተጠጋግተው።
4. በየድርድሩ ላይ ጥቂት ትኩስ ዘይት በማንኪያ አፍስሱ።
5. ሲያልቅ ወረቀቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ፎጣውን አጥፋችሁ ክደኑ። ቢያንስ 1 ሰዓት አትክፈቱ።

ሲከፈት ቶርቲያዎቹ ያላባቸው፣ ለስላሳና ቅባት ያላቸው ይሆናሉ። ከድርድሩ አንዱ ተቀድዶ ከሆነ ምናልባት ከመታጠፉ በፊት ቀዝቅዟል። ሥጋና አይብ አትጨምሩ፤ ለብ ያለ መያዣ ውስጥ የቆየ ሥጋ ያማል። የቦሎቄና የድንቹንም ቢሆን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ብሉት። ሳልሳው በሌላ ጠርሙስ ይሂድ።

የተረፈ ደረቅ ቶርቲያ አይጣል። ስድስት ቦታ ቆርጣችሁ በዘይት ጥበሱት፣ ከዚያ የፈላ ሳልሳ ውስጥ ጨምራችሁ 1 ደቂቃ አገላብጡ። ቺላኪሌስ ይባላል፤ እንጀራ ፍርፍር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ግማሹ ርሶ ግማሹ ሲንኮሻኮሽ ይበላ።

ሜክሲኮ የሄደ ሰው

መጀመሪያ ሰዓቱን ማወቅ። ባርባኮዋ (ታፍኖ በዝግታ የበሰለ ሥጋ) የቅዳሜና የእሑድ ጠዋት ነው፤ ካርኒታስ (በስብ የበሰለ አሳማ) እስከ ቀትር ድረስ፤ አል ፓስቶር (በሚሽከረከር ብረት ላይ የሚጠበሰው) ከምሽት በኋላ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አል ፓስቶር የሚፈልግ ሰው ወይ አያገኝም ወይ የትናንቱን ያገኛል።

አሳማ ለማይበላ ሰው ስሞቹ ያታልላሉ። አል ፓስቶር የሊባኖስ ስደተኞች ካመጡት ሻዋርማ የመጣ ነው፣ በቆመ ብረት ላይም ይሽከረከራል፤ ሥጋው ግን አሳማ ነው። ካርኒታስ፣ ኮቺኒታ፣ ቾሪሶና ቺቻሮን ሁሉም አሳማ ናቸው። ካምፔቻኖ ቅልቅል ማለት ሲሆን በብዛት ቾሪሶ አለበት። ቢስቴክ የበሬ ነው። ሱዋዴሮ የበሬ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቋሊማ ጋር በአንድ ዘይት ይበስላል። ባርባኮዋ በመካከለኛው አገር በተለይ በኢዳልጎ በግ ነው፤ ቢሪያ በሀሊስኮ ፍየል ነው፣ ሌላ ቦታ በሬም ይሆናል። "ደ ኬ ካርኔ ኤስ?" (የምን ሥጋ ነው?) ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሬ ሬስ፣ በግ ቦሬጎ፣ ፍየል ቺቮ፣ አሳማ ፑዌርኮ ወይም ሴርዶ ነው።

ጾመኛ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። የተፈጨ ቦሎቄ በአሳማ ስብ መሠራቱ የተለመደ ነው፤ የስንዴ ቶርቲያም እንዲሁ፤ ቀዩ ሩዝ ብዙ ጊዜ የሚበስለው በዶሮ መረቅ ነው። "ሲን ካርኔ" (ያለ ሥጋ) ማለት ብቻ ስለማይበቃ "ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ" (ያለ ስብ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም) ብላችሁ ጨምሩ። አስተማማኙ የኖፓል ታኮ ነው። ኖፓል የበለስ ቁልቋሉ ቅጠል ነው፤ እኛ ፍሬውን በልተን የምንተወውን እነሱ እሾሁን ልጠው ይጠብሱታል። ሲጠጣ ደግሞ "አጓ ደ ኻማይካ" የሚሉት ያው ከርከዴ ነው።

ሆድ ላለመታመም ትልቁ ምልክት ሰልፍ ነው፦ ሰው የበዛበት ቤት ሥጋውም ሳልሳውም አይቆይም። ታኮ የሚሠራው እጅ ገንዘብ የማይነካ ይሁን። ሳህኑ በፌስታል ተሸፍኖ ቢቀርብ አትደነቁ፤ ለሚቀጥለው ሰው የሚቀየረው ፌስታሉ ነው፣ ውኃ በሌለበት ጎዳና ከተለቃለቀ ሳህን ይሻላል። ከቧንቧ አትጠጡ፤ መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ በረዶ ከፋብሪካ የመጣ ነው።

ሲታዘዝ ቁጥሩና ዓይነቱ ብቻ ይበቃል፦ "ዶስ ደ ቢስቴክ፣ ኮን ቶዶ።" ኮን ቶዶ ማለት ከሽንኩርትና ከድምብላል ቅጠል ጋር ነው። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ እዘዙ፤ አምስት ያዘዘ ሦስቱን ቀዝቅዞ ይበላል። ሳልሳውን መጀመሪያ በጠብታ ቅመሱ። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው ይንቀው ይሆናል፤ ዩካታን ውስጥ ግን ያ ብርቱካንማ ሳልሳ አባኔሮ ከሚባለው ብርቱ ቃሪያ የተሠራ ነው፣ ቁጣውም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲቃጠል ውኃ አይረዳም፤ ወተት ወይም ደረቅ ቶርቲያ ይሻላል።

አበላሉም ቆሞ ነው፦ ታኮው በሦስት ጣት ይያዛል፣ ክንድ ከሰውነት ይርቃል፣ ጭንቅላት ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ ታኮው ወደ ሰው ሳይሆን ሰው ወደ ታኮው ይሄዳል፣ አለበለዚያ መረቁ ሸሚዝ ላይ ነው። ሒሳብ የሚከፈለው በልቶ ካበቁ በኋላ ሲሆን በብዙ የጎዳና ታኮ ቤት ማንም አይጽፍም። ሻጩ "ኳንቶስ ፉዌሮን?" (ስንት ነበሩ?) ብሎ እናንተኑ ይጠይቃል፤ ስትበሉ ቁጠሩ።